ለአየር ንብረትና ለዜግነት ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይጠየቃል?

ባለፈው ዓመት ከማስተማር ልምምድ የተመለሰ አንድ ዕጩ መምህር አራት ገጽ የሞላ ደብዳቤ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ደብዳቤው የተጻፈው በኮሪያ ሪፑብሊክ ሶንግዶ በተባለ ከተማ ለሚገኘው ለአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ነው። የሚጠይቀውም በተለማመደበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ600 ችግኝ፣ የሁለት የውሃ በርሜልና የአጥር ሽቦ መግዣ ነበር። በጥሩ እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ የርእሰ መምህሩ ማኅተምም አርፎበታል። ልጁ መልስ ሳያገኝ ስድስት ወር ስለቆየ «ምናልባት አድራሻው ተሳስቶ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

አድራሻው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ አለመታወቁ ነው። ይህ ስሕተት የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን በመሆኑ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆነኝ። ጽሑፉ በተለይ የክበብ ተጠሪ ለሆኑ መምህራን የታሰበ ቢሆንም፣ የክበብ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሆኑ ተማሪዎችም ቢያነቡት የሚጠቅማቸው ይመስለኛል።

እንደሚታወቀው መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለማስተማር ቃል የገቡት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 6፣ በ2015 የተደረሰው የፓሪስ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ሕዝብ ንቃትና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ይናገራሉ። ልብ በሉ፤ «ተሳትፎ» የሚለው ቃል እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ስለዚህ የአየር ንብረት ትምህርትና የዜግነት ትምህርት በአንድ ማሰሮ የሚበስሉ መሆናቸውን ስምምነቶቹ ራሳቸው ያውቁታል ማለት ነው። አንድ ተማሪ ዝናብ ለምን እንደዘገየ ቢማርና የቀበሌው የውሃ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር ማን እንደሚወስን ባያውቅ፣ የተማረው ግማሹን ነው።

ቃሉ ግን አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ሌላ ነው። የአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ካንኩን በተደረገው ጉባኤ ነው። ፈንዱ ከትምህርት ቤትም፣ ከቀበሌም፣ ከወረዳም ጋር በቀጥታ አይዋዋልም። ገንዘቡን የሚያወጣው እውቅና በሰጣቸው ተቋማት በኩል ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ የገንዘብና ኢኮኖሚ ትብብር ሚኒስቴር፣ ማለትም የዛሬው የገንዘብ ሚኒስቴር፣ ከኬንያ ደግሞ ብሔራዊው የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን እውቅና አግኝተዋል። የፈንዱን አሠራር ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። በፈንዱ አመዳደብ «እጅግ አነስተኛ» የሚባለው ፕሮጀክት እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነው። የእኛ 600 ችግኝ በዚያ ሚዛን ላይ ሊታይ አይችልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው።

ለትምህርት የቆመው ዓለም አቀፍ የትምህርት አጋርነትም እንዲሁ ገንዘቡን የሚሰጠው ለመንግሥታት የትምህርት ዕቅድ ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ መምህሩ ዘንድ የሚደርሰው መልኩን ለውጦ፣ መጽሐፍ ወይም ሥልጠና ሆኖ፣ አንዳንድ ጊዜም ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ድጎማ ሆኖ ነው። በኢትዮጵያ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ይሰጠው የነበረው የትምህርት ቤት ድጎማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ድጎማው በተማሪ ቁጥር ይታሰብ ነበር፤ አወጣጡም ከትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ጋር የተያያዘ ነበር። በዕቅዱ ላይ ያልሰፈረ ክበብ ምንም ያህል ቢተጋ ሳንቲም አያገኝም። እኔ ካየኋቸው ክበቦች አብዛኞቹ የተቋቋሙት ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። እንግዲያው ከውጭ ለጋሽ በፊት የመጀመሪያው ደጅ የራሳችን ዕቅድ መሆኑ ነው። ዕቅዱ በሚረቀቅበት ጊዜ የክበቡ ተጠሪ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ተቀምጦ አንድ መስመር ማስገባት አለበት። አንድ መስመር!

ከነዚህ ታላላቆች በታች መካከለኛ የሚባሉ ምንጮች አሉ። ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

በዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ ሥር ያለው የአነስተኛ ድጎማዎች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀመረ፤ የሚመራውም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ነው። ለብዙ ዓመታት የአንድ ድጎማ ጣሪያ 50,000 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ገንዘቡ የሚሰጠው ለማኅበረሰብ ድርጅቶችና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች ሲሆን፣ የሚጸድቀውም በየአገሩ ባለ ኮሚቴ ነው። ጠያቂውም የራሱን ድርሻ በገንዘብ ወይም በጉልበት እንዲያዋጣ ይጠበቅበታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት በስሙ ሊጠይቅ ባይችል እንኳ በአካባቢው ከተመዘገበ ማኅበር ጋር ተጣምሮ መቅረብ ይችላል። የወጣቶች ማኅበር፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ በሕግ የተመዘገበ የልማት ማኅበር፣ እነዚህ ሁሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን አናውቃቸውም፤ እነርሱም እኛን አያውቁንም።

ኤምባሲዎችም በየዓመቱ የሚያወጧቸው አነስተኛ ድጎማዎች አሏቸው። ካናዳ ለአካባቢ ተነሳሽነት የሚሰጥ ፈንድ፣ አውስትራሊያ ቀጥተኛ የእርዳታ ፕሮግራም፣ ጃፓን ደግሞ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሣር ሥር ደረጃ የሚሰጥ የሰብአዊ ደኅንነት ድጋፍ አላቸው። ጠባያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የጃፓኑ በአብዛኛው ለሚታይና ለሚጨበጥ ነገር፣ ማለትም ለመማሪያ ክፍል፣ ለውሃ ወይም ለመሣሪያ የሚውል ነው፤ ለደመወዝና ለአላቂ ዕቃ አይሰጥም። የካናዳውና የአውስትራሊያው ለሥልጠናና ለመልካም አስተዳደር ሥራም ቦታ ያላቸው ሲሆኑ፣ የትምህርት ተቋማትም ሊያመለክቱ ይችላሉ። ጥሪው የሚወጣው በየኤምባሲው ነው። የሚከፈተውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ በመሆኑ፣ ጥሪው ከወጣ በኋላ ማሰብ የሚጀምር ሰው አይደርስበትም።

የዩኔስኮ የተሳትፎ ፕሮግራም ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ነገር ግን ማመልከቻው የሚሄደው በየአገሩ ባለው ብሔራዊ የዩኔስኮ ኮሚሽን በኩል ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ፓሪስ የተላከ ወረቀት አይታይም። የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ አባልነቱ ገንዘብ አያመጣም፤ ነገር ግን ከብሔራዊ ኮሚሽኑ ጋር ያስተዋውቃል።

ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም፣ ያለ ማንም አማላጅ ሊወዳደርበት የሚችለው አንዱ ትልቅ ዕድል የዛይድ ዘላቂነት ሽልማት ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የሚሰጠው ይህ ሽልማት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተለየ ዘርፍ አለው። ዓለምን በክልል ከፍሎ የሚያወዳድር ስለሆነ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች የሚፎካከሩት እርስ በርሳቸው ነው። ለአንድ አሸናፊ ትምህርት ቤት እስከ 150,000 ዶላር ይሰጣል፤ ከኬንያ ያሸነፉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለማመልከት ክፍያ የለም። ሐሳቡ የተማሪዎች መሆን አለበት። እዚህ ላይ መምህራንን አደራ የምለው፣ ጽሑፉን ለተማሪዎቹ ጽፈን አንስጣቸው። ዳኞቹ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅና የአርባ ዓመት ሰው አነጋገር አይለያቸውም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ ዝርዝሮች አንድ ነገር ልናገር። በየቢሮው «የለጋሽ ድርጅቶች ስም ዝርዝር» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ወረቀት አለ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያስቀምጡት የአሜሪካን የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲን ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ ዝርዝር ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የተዘጋጀበትን ዓመት ተመልከቱ። እንዲሁም ድጎማ ለመልቀቅ «የመመዝገቢያ» ወይም «የማስተላለፊያ» ክፍያ አስቀድማችሁ ላኩ የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ አጭበርባሪ መሆኑን አትጠራጠሩ። የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ አይቀበልም።

የዜግነት ትምህርትን በሚመለከት ነገሩ ጠንቃቃ መሆንን ይጠይቃል። ለችግኝ የሚሆን ገንዘብ ማንንም አያስቆጣም፤ ስለ መብትና ስለ ምርጫ ለማስተማር የሚመጣ የውጭ ገንዘብ ግን በብዙ አገር ጥያቄ ያስነሣል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች ሥራ እንዳይሰማሩ ከልክሎ ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ድርጅቶች የዜጎችን መብት ማስተማር ትተው ወደ ልማት ሥራ ዞሩ፤ አንዳንዶቹም ተዘጉ። ይህ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል፤ ክልከላውም ቀርቷል። የመራጮች ትምህርት ለመስጠት ግን ዛሬም ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ድርጅት መጥቶ «በትምህርት ቤታችሁ የመራጮች ትምህርት እንስጥ» ቢል፣ ፈቃዱን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። ይህም ራሱ የዜግነት ትምህርት ነው።

ገንዘብ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም። በዚህ ረገድ ከኬንያ የምንማረው አለ። በዚያ አገር የማኩዌኒ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የራሱን የአየር ንብረት ለውጥ ፈንድ በሕግ አቋቋመ፤ ከልማት በጀቱም 1 በመቶውን ለዚህ ሥራ መደበ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚያቅዱት ከየዋርዱ ሕዝብ የሚመረጡ ኮሚቴዎች ናቸው። ሌሎች ካውንቲዎችም ተከተሉ። በኋላም የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 በ150 ሚሊዮን ዶላር የደገፈው ብሔራዊ ፕሮግራም ይህንኑ አሠራር ወደ አገሪቱ ካውንቲዎች አሰፋው። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ፕሮፖዛል ወደ ውጭ አገር አይልክም፤ በዋርዱ ስብሰባ ተገኝቶ፣ እጁን አውጥቶ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ እንደሚያስፈልገው ያስረዳል። የጎረቤት መንደር ደግሞ የከብት ማጠጫ ይፈልጋል። ይከራከራሉ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ የለም። የኬንያ የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2016) ጉዳዩ ወደ ሥርዓተ ትምህርት እንዲገባም መንገድ አመልክቷል።

በእኛም አገር ቢሆን ተማሪዎች በቀበሌና በወረዳ የበጀት ውይይት ላይ ታዛቢ ሆነው ቢገኙ የሚከለክል ነገር አላየሁም። ባለፈው ጊዜ አንድ የሠለጠነች መምህርት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቿን ወስዳ ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ አድርጋ ነበር። ተማሪዎቹ ይዘው የተመለሱት ትልቅ ዜና ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የችግኝ ጣቢያ እንዳለውና ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ቢጠይቅ በነፃ እንደሚሰጥ ነው። ያ ዕጩ መምህር ከሶንግዶ የሚጠይቀው 600 ችግኝ ከትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ በላይ ያልኩትን ሁሉ የተማርኩት ሳጠፋ ነው። በማስተማር ሥራ በጀመርኩበት ትምህርት ቤት የክበብ ተጠሪ ሳለሁ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ አገኘን። ስሙን አልጠቅስም። በዕለቱ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ድርጅቱ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት እንዲደረግ፣ ስሙ የታተመበት ካናቴራ እንዲለበስና ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር እንዲሰቀል ፈለገ፤ እኔም «እሺ» አልኩ። ካናቴራው፣ የድምፅ ማጉያ ኪራዩና የለስላሳው ወጪ ሲደመር ከገንዘቡ እኩሌታ በላይ ሄደ። ገንዘቡ የተለቀቀው በየካቲት ነበርና ሪፖርቱ እንዳይዘገይ በመጋቢት፣ በደረቅ መሬት ላይ ተከልን። ለአጥር የቀረ ስላልነበረ ፍየል ገባ። በግንቦት ስንቆጥር ከሦስት መቶ ችግኝ በሕይወት ያሉት ዐሥራ አንድ ነበሩ። በሪፖርቱ ላይ ግን «300 ችግኝ ተተከለ» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አይደለም፤ ተተክሏል። እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል። ከኔ ጋር የቆጠሩት ተማሪዎች ሪፖርቱን አንብበውታልና።

በኋላ ስለ ዋንጋሪ ማታይ ሳነብ ጉድለቴ የት ላይ እንደነበር ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ የተጀመረው የእርሷ የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ ለሴቶቹ ጥቂት ሳንቲም ይከፍል የነበረው ለተከሉት ችግኝ ሳይሆን ለጸደቀው ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ሁሉን ነገር ይለውጣል። የሚከፈለው ለመትከል ከሆነ ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ለጽድቀት ከሆነ የወራት ነው። ንቅናቄው የዜግነትና የአካባቢ ትምህርትን አጣምሮ ይሰጥ እንደነበረም የታወቀ ነው፤ ማታይም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች። እንግዲህ ፕሮፖዛል ስትጽፉ «ይህን ያህል ይተከላል» በሚለው ምትክ «በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ይህን ያህሉ በሕይወት ይገኛል» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ያንሳል፤ የሚያነበው ሰው ግን ያምናችኋል።

የትምህርት ቤት ወቅትና የተከላ ወቅት አለመገጣጠማቸውንም አስቡ። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ሲሆን በዚያን ጊዜ ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ናቸው። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ብቻ ያዩታል። ነገር ግን ተማሪዎች የሚገኙት ከመስከረም እስከ ሰኔ፣ ማለትም ችግኝ በውሃ ጥም በሚሞትበት ጊዜ ነው። መደብ የሚዘጋጀው፣ ዘር የሚዘራው፣ አጥር የሚታጠረው፣ ውሃ የሚጠጣው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት በጀት ለተከላው ቀን ሳይሆን ለበጋው መመደብ አለበት፤ ከሁሉ በፊትም ለአጥርና ለውሃ።

ስለ ዋጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኢትዮጵያ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ዶላር በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በብር ብቻ የተጻፈ በጀት ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ ሊከስም ይችላል። በብርና በዶላር ጎን ለጎን ጽፋችሁ የተሰላበትን ቀንና ምንዛሪ ከሥሩ አስፍሩ። የዋጋ ማቅረቢያ ከሦስት ነጋዴዎች ሰብስቡ፤ ነጋዴው ማኅተም ያልመታበት ወረቀት ዋጋ የለውም።

በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎችም ሊረሱ አይገባም። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ለተማሩበት ትምህርት ቤት ልባቸው ይራራል። ለእነርሱ ረዥም ፕሮፖዛል አያስፈልግም፤ የአንድ ነገር ዋጋ፣ ለምሳሌ 80 ሜትር የውሃ ቧንቧ፣ ከነፎቶግራፉ ይበቃል። ገንዘቡ ግን ወደ መምህሩ የግል ሒሳብ እንዳይገባ። መምህሩ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲዛወር ወሬው ይከተለዋል። በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ ይሁን።

የተገዛው ዕቃ ትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ መደረጉን፣ ሲወጣም በሞዴል 22 መፈረሙን ተማሪዎች ቢያዩ መልካም ነው። እኔ አሁን ለዕጩ መምህራን የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው፦ የክበቡን ገቢና ወጪ በትልቅ ወረቀት ጻፉና ሁሉም ተማሪ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ ተዉ፤ ተማሪ ጥያቄ ካለው እዚያ ይጻፍ። አንዱ ቡድን ይህን ባደረገበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «ገመዱ ለምን 40 ሜትር ተገዛ? ጉድጓዱ 25 ሜትር ነው» የሚል ነበር። ጠያቂው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተጠሪው መምህር ሁለት ቀን ተቆጥቶ ሰነበተ፤ በሦስተኛው ቀን ሄዶ ለካው። ሃያ አምስት ሜትር ነበር፤ የቀረው 15 ሜትር ገመድም ከግምጃ ቤት ተገኝቶ ለቮሊቦል ሜዳው ዋለ።

ያ ዕጩ መምህርም ደብዳቤውን እንደገና ጻፈ። ችግኙን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በርሜሉን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ አጥሩን ደግሞ በአቅራቢያው ላለ የተመዘገበ የወጣቶች ማኅበር አቀረበ። አራቱ ገጽ ወደ ሦስት አጫጭር ደብዳቤዎች ተለወጠ፤ ሁሉም በአማርኛ ናቸው። ችግኙና በርሜሉ ተፈቅደዋል። የአጥሩ መልስ ገና አልመጣም፤ እስከዚያው ተማሪዎቹ በእሾህ አጥረውታል።